በሳይክል ተቀጥቼ የባሌን ቪትዝ ኢንሹራንስ አስወደድኩ እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? የምኖረው አባይ ማዶ ነው ስራዬ ደግሞ ፔዳ አካባቢ፣ አዲሱ ድልድይ ከተከፈተ ወዲህ በሳይክል ነው የምመላለሰው። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አርፍጄ ስለነበር አደባባዩን ዞሬ መሄድ ሲገባኝ በግራ በኩል በተቃራኒ ገባሁና ትራፊክ ያዘኝ። መታወቂያ ሲለኝ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው መንጃ ፈቃዴ ብቻ ስለሆነ እሱን ሰጠሁት፣ ቁጥሩን ቅጣቱ ላይ ጻፈው። ብሩን ከፍያለሁ። ሎስ አንጀለስ ላለው ወንድሜ ስነግረው ለካ እሱም ባለፈው ወር በሳይክል ቀይ መብራት ጥሶ ቲኬት ቆርጠውለታል፣ «ነጥብ ይያዝብኛል፣ የመኪናዬ ኢንሹራንስ 3 ዓመት ሙሉ ይጨምራል» እያለ እንቅልፍ አጥቷል። እኔም ከዚያ ወዲህ ተጨነቅኩ። የባለቤቴ ቪትዝ ኢንሹራንስ ግንቦት ላይ ይታደሳል፣ እኔም እነዳታለሁ። እሱማ «በሳይክልሽ መኪናዬን አስወደድሽብኝ» እያለ ነገር ይፈልገኛል። እውነት የሳይክል ቅጣት መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ ላይ ይገባል?
(ባለሳይክሏ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እታለም፣ ጥፋትሽ ሁለት ነው። አንደኛው አደባባይ በተቃራኒ መግባትሽ፣ እሱን ከፍለሽበታል አልፏል። ሁለተኛው መንጃ ፈቃድሽን እንደ መታወቂያ መዘህ ማውጣትሽ... ይቅርታ መዘሽ ማውጣትሽ (ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ወንድ ስለሚበዛ ጣቴ ለምዶ ነው)። አብዛኛው መልሴ ስለዚች ሁለተኛዋ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም ለጠየቅሽው መልሱ አጭር ነው፦ አይገባም። እዚህም አይገባም፣ ወንድምሽ ያለበት ካሊፎርኒያም አይገባም። ይሄን ለባለቤትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ ከፈለገ ቡና አፍልቶ ይካስሽ።

ለምን አይገባም ካልሽ፣ ነጥብ የሚባለው ነገር የሚያዘው መንጃ ፈቃድ ላይ ነው። የትራፊክ መቆጣጠሪያውን ደንብ ቁጥር 208/2003ን ብታዪው (ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ሃሳቡ ግን ያው ነው) አሽከርካሪው ሲያጠፋ ከብሩ ሌላ ሪከርዱ ላይ ነጥብ ይመዘገብበታል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ፈቃዱ ይታገዳል፣ ከባሰም ይሰረዛል። ፈቃዱ ራሱ ደግሞ በአዋጅ 1074/2010 የሚሰጥ ነው፣ እሱም የሞተር ተሽከርካሪ ነገር ነው። ሳይክል ለመንዳት መንጃ ፈቃድ የጠየቀሽ ሰው አለ? የለም። ድልድዩን በሳይክል ስትሻገሪ አንቺም መንጃ ፈቃድ ይዘሽ፣ ከኋላሽ ደብተሩን ሸክፎ የሚከተለው የ12 ዓመት ተማሪም ሳይዝ፣ ሕጉ ፊት እኩል ናችሁ። ልጁ እንዳንቺ በተቃራኒ ቢገባ ነጥቡን ምኑ ላይ ሊይዙበት ነው? ስለዚ ያንቺም ላይ የሚያዝበት ምክንያት የለም።

ይሄ ማለት ግን ሳይክል ነጂ ሕግ አይመለከተውም ማለት አይደለም፣ አንዳንዱ እንደዛ ይመስለዋል። መንገድ ላይ እስከወጣሽ ድረስ ቀኝሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው፣ አደባባይ ዞረሽ ነው የምትወጪው። ትራፊኩ መቅጣቱ ትክክል ነው፣ እኔም ብሆን እቀጣሽ ነበር፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጁ ከዚህ ሰርቪሱ ከዚያ በሚመጣበት አደባባይ በተቃራኒ መግባት ምን የሚሉት ጀብዱ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንምጣ። ሂጂና ቅጣቷን ከቦርሳሽ አውጥተሽ መስኮት ስር ዘርጊያት። ላንቺ የምትደርሰው ኮፒ ብዙ ጊዜ የደበዘዘች ናት፣ እስክሪብቶው ጠንከር ብሎ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው የሚነበበው። ስምሽ ይኖራል፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥርሽ ይኖራል፣ የጥፋቱ ዓይነት፣ ቦታው፣ ሰዓቱ። አንቺ ግን ዓይንሽን ታርጋና የተሽከርካሪ ዓይነት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ጣይ። «ሳይክል» ወይም «ብስክሌት» ተብሎ ከተጻፈ ጨርሰሻል፣ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪያትና ተኚ። ባዶ ከሆነ ወይም ጭረት ብቻ ከተደረገበት ነው ችግሩ፣ ምክንያቱም ያችን ወረቀት ቆይቶ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባት ልጅ አንቺን አላየሽም፣ ሳይክልሽንም አላየም፣ እሱ የሚያየው የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና «በተቃራኒ አቅጣጫ ማሽከርከር» የሚል ነገር ነው። ታዲያ ምን ያድርግ? መንጃ ፈቃድ ቁጥር አለ፣ ጥፋት አለ፣ በቃ መኪና ነው ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ክፋት የለበትም ልጁ። ቁጥሯን የሰጠሻት አንቺ ነሽ።

እና ግንቦት ሳይደርስ፣ ባለስልጣኖቹ ስብሰባ ላይ ናቸው የማይባልበት ቀን ፈልገሽ፣ ቅጣቱን የጻፈው ትራፊክ ወዳለበት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። በቃል ብቻ አትናገሪ። ግማሽ ገጽ ማመልከቻ ጻፊ፦ በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት በዚህ ቦታ የተቀጣሁት በእግር በሚነዳ ብስክሌት ላይ ሆኜ ነው፣ መንጃ ፈቃዴን የሰጠሁት ለማንነት መግለጫ ነው፣ ስለዚህ በአሽከርካሪነት ሪከርዴ ላይ እንዳይያዝ፣ ተይዞም ከሆነ እንዲስተካከል እጠይቃለሁ። የቅጣቱን ኮፒና የከፈልሽበትን ደረሰኝ አያይዢ። መዝገብ ቤት አስገቢና ያንቺ ቅጂ ላይ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ማህተም ሳታስመቺ እንዳትወጪ፣ «እኔ እነግራቸዋለሁ እታለም አትጨነቂ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም፣ አመስግኚውና ማህተሟን ጠብቂ። ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃድ የሰጠሽ ቢሮ ሄደሽ ቅጣት ተይዞብኝ እንደሆን እዩልኝ ማለት ነው። ብሩን ቶሎ መክፈልሽ ጥሩ አድርገሻል በነገራችን ላይ፣ ያልተከፈለ ቅጣት ፈቃድ በሚታደስበት ቀን ነው ከመቃብር የሚነሳው።

ለወደፊቱ ደግሞ ሳይክል ላይ ሆነሽ መታወቂያ ከተባልሽ ፋይዳሽን ወይ የቀበሌሽን ስጪ። መዋሸት አይደለም፣ መንጃ ፈቃድ የለኝም በይም አላልኩም። የተጠየቅሽው ማን ነሽ ተብለሽ ነው፣ መንዳት ትችያለሽ ወይ ተብለሽ አይደለም።

ኢንሹራንሱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። እኔ እዚህ ዓምድ ላይ ከመቀመጤ በፊት ዘጠኝ ዓመት አንድ ኢንሹራንስ ውስጥ ክሌም ክፍል (የካሳ ጥያቄ የሚታይበት) ነው የሰራሁት፣ ስሙን ተዪው። እና የታዘብኩት ነገር ቢኖር ሰው ሦስተኛ ወገንንና ሙሉ ኢንሹራንስን አንድ አድርጎ ነው የሚፈራው። ሦስተኛ ወገን መኪናዋ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት የሚከፍለው፣ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው ነው፣ መኪናዋ ላይ የሚለጠፈው። የሱ ሂሳብ ከመኪናዋ ነው የሚነሳው፣ ምን ዓይነት መኪና ናት፣ የቤት ናት ወይስ የንግድ። ያቺ ቪትዝ አንቺ ሳይክል ላይ ቆመሽ ብትጨፍሪም ዋጋዋ አይነቃነቅም። የመኪናዋን የራሷን ጉዳት ጭምር የሚሸፍነው ሙሉ ኢንሹራንሱ ላይ ነው ትንሽ ስለሰው የሚጠየቀው። የመኪናዋ ግምት፣ የተሰራችበት ዘመን፣ አገልግሎቷ፣ የሚነዳት ሰው ስንት ዓመት ነድቷል፣ ከዚህ በፊት ስንት ክሌም ተጠይቆባታል። የመጨረሻዋ ናት ዋናዋ።

ፎርሙ ላይ ግን ተጠንቀቁ። አንድ ደንበኛ ነበረን፣ ጨዋ የሚባል ሽማግሌ፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው ቤታቸው። ፎርሙ ላይ «በማሽከርከር ጥፋት ተቀጥተው ያውቃሉ?» ለሚለው «አዎ» ብለው ሞሉ። ያን ዓመት አረቦኑ (የኢንሹራንስ ክፍያው) ላይ ጭማሪ ተደረገባቸው፣ በሚቀጥለውም ዓመት ያው። ሦስተኛው ዓመት ላይ እኔ ጋ ለሌላ ጉዳይ መጥተው ስናወራ ለካ የተቀጡት ማታ ያለ መብራት በሳይክል ሲሄዱ ነው! «ተቀጥቻለሁ እኮ፣ እንዴት ልዋሽ» አሉኝ። ሰውየው እውነቱን ነው የተናገሩት ግን ያልተጠየቁትን ነው የተናገሩት። የሁለቱን ዓመት ጭማሪ ለማስመለስ ስንት ቢሮ እንደዞሩ አትጠይቂኝ፣ ያ መስሪያ ቤት ገንዘብ ሲቀበል አንድ መስኮት ነው ሲመልስ ግን አምስት።

ስለዚ ጥያቄውን ሁለቴ አንብቢ። ስለ መኪና መንዳት ከሆነ የተጠየቀው፣ ሳይክልሽ እዚያ ውስጥ የለችም። ጥያቄው ግልጽ ካልሆነና «ማንኛውም የትራፊክ ቅጣት» ከሆነ የሚለው አዎ በይና ጎኑ ላይ «በብስክሌት፣ በዚህ ቀን» ብለሽ ጻፊ። እንዳትደብቂ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 667 ላይ ስጋቱን ለመገመት የሚረዳውን ነገር ሁሉ ውል ሲገባ በትክክል መናገር ግዴታ ነው፣ ቀጥሎ ያለው 668 ደግሞ ሆን ብለሽ የደበቅሽ ወይ የዋሸሽ እንደሆነ ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል። አንድ መስመር ጽፎ መገላገል እያለ መኪና ተገልብጦ «ውሉ ፈራሽ ነው» መባል... ብዙ አይቻለሁ፣ አይለቀስም አይሳቅም።

ሳይክል ኢንሹራንስ የሚያስወድድበት መንገድ ግን አለ፣ ባለቤትሽ መፍራት ካለበት እሱን ይፍራ። ይሄውልሽ፣ ቪትዟ ዘንባባዎቹ ስር ቆማለች። አንድ ልጅ በሳይክል፣ ከኋላ መጫኛው ላይ ሰፌድ ምናምን አስሮ፣ በጠባቧ ሲያልፍ የሳይክሉ መሪ ስፖኪዮዋን ገጭ። መስታወቱ ወደቀ፣ በሩም ተፋቀ። ልጁ «ጋሼ በማርያም» እያለ ነው፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ለሻይ የያዘው ነው። ባለቤትሽ ደግሞ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ቀጥ ወደ ክሌም። ይከፍሉታል፣ ከውሉ ላይ መጀመሪያ በራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ተቀንሶ። በዓመቱ ሲያድስ ግን ክሌም ሳይጠይቅ በመቆየቱ ያገኛት የነበረችው ዲስካውንት ትሄዳለች። ሂሳቡን ስታሰላው ስፖኪዮውን በኪሱ ቢያሰራ ይሻለው ነበር። ስለዚ ትንሽ ግጭት ሲደርስ መጀመሪያ ጋራዥ ጠይቁ፣ ከዚያ ዲስካውንቱ ስንት ብር እንደሆነ ውሉ ላይ እዩ፣ ከዚያ ነው ክሌም። በተለይ የኛ ከተማ ላይ፣ ሳይክልና ባጃጅ በሞላበት፣ በየጭረቱ ክሌም የሚጠይቅ ሰው ዲስካውንት የሚባል ነገር በዓይኑ አያይም።

አንቺ ራስሽ ያ ልጅ ብትሆኚስ? ሳይክልሽ ኢንሹራንስ የላትም፣ የባለቤትሽ የቪትዝ ኢንሹራንስም ሳይክል ላይ ተከትሎሽ አይመጣም። ሰው ገጭተሽ ጉዳት ብታደርሺበት ወይም የሰው ንብረት ብትሰብሪ በፍትሐ ብሔር ሕጉ 2028 መሰረት በጥፋትሽ ያደረስሽውን ከራስሽ ኪስ ትክሻለሽ፣ የሰው አካል በቸልተኝነት ከጎዳሽ ደግሞ ወንጀልም አለበት፣ የወንጀል ሕጉ 559። አደባባይ በተቃራኒ ስትገቢ አደጋ ላይ የጣልሽው ያን እንጂ ነጥብ አልነበረም።

በግልባጩ መኪና አንቺን ቢገጭሽ አንቺ ለመኪናው ሦስተኛ ወገን ነሽ፣ ያ የሦስተኛ ወገን አዋጅ የወጣው እንዳንቺ ላለው ነው። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል ይላል ፍትሐ ብሔሩ 2081 ላይ። ስለዚ ወድቀሽ ስትነሺ «ምንም አልሆንኩም» ብለሽ ልብስሽን አራግፈሽ እንዳትሄጂ፣ ባሕር ዳር ሰው ይሄ ይሉኝታ አለበት፣ ሰውየው ይቅርታ ካለ በቃ ይተዋል፣ ማታ ጉልበቱ ሲያብጥ ታርጋውን አያውቀው ነገር። ታርጋውን በስልክ አንሺ፣ ትራፊክ ይምጣ፣ ይመዝገብ። ገጭቶ ቢያመልጥ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ቢሆንም ያው አዋጅ የመድን ፈንድ የሚባል ነገር አቋቁሟል፣ ያለ ፖሊስ ማስረጃ ግን እዚያም በር አያስከፍትም።

የወንድምሽን ነገር ላጠቃልልለት... አሜሪካ ከኛ የሚለየው ኢንሹራንሱ መኪናዋን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ተከትሎ ስለሚሄድ ነው። ኩባንያው የነጂውን ሪከርድ ያስወጣና ነጥብ ካለበት ይጨምርበታል፣ ስለዚ ፍርሃቱ ከመሬት የመጣ አይደለም። በመኪና ቀይ መብራት ቢጥስ ኖሮ ካሊፎርኒያ ላይ 1 ነጥብ ነበር። በሳይክል ግን ሌላ ነው። እዚያ ሕጉ፣ ቁጥር 21200 ይባላል፣ ሳይክል ነጂ እንደ መኪና ነጂ መብትም ግዴታም አለበት ይላል፣ ለዛ ነው የቀጡት፣ ቅጣቱም ርካሽ አይደለም። ነጥቡ ላይ ሲደርስ ግን ፍርድ ቤቶች የጥፋተኝነት ውሳኔን ለመንጃ ፈቃድ መስሪያ ቤቱ የሚልኩበት ሕግ፣ 1803፣ በእግረኝነት ወይ በሳይክል የተቀጣን ሰው ከሚላከው ውስጥ አውጥቶታል። ኒውዮርክም ነጥብ የሞተር ተሽከርካሪ ጉዳይ ነው። ደግሞም ቢያዝበት እንኳ ካሊፎርኒያ በ1988 (በነሱ አቆጣጠር) ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ሕግ አለ፣ በ3 ዓመት ውስጥ ከ1 ነጥብ በላይ የሌለበት ጥሩ ነጂ ቢያንስ 20 ፐርሰንት ቅናሽ ያገኛል የሚል። በአንድ ነጥብ ያ አይሄድበትም።

ለሱም ያው ያንቺው መድኃኒት ነው፦ ወረቀቱን ይይ። ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን አይቶ ነው የሚጽፈው፣ የተሽከርካሪው ቦታ ላይ «ባይሲክል» ካልተባለ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ እንደ መኪና ልታስገባው ትችላለች። ፍርድ ቤቱን ጠይቆ ያስተካክል፣ ከዚያ 2 ዶላር ከፍሎ ሪከርዱን ኦንላይን አውጥቶ ይይ። ጠጥቶ ሳይክል መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ካሊፎርኒያ ለብቻው ሕግ አውጥታለታለች፣ እስከ 250 ዶላር ነው፣ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነውን መንጃ ፈቃዱም ላይ ትመጣበታለች። ሌሎች ስቴቶች ላይ ደግሞ ሳይክሉን እንደ መኪና ቆጥረው ሙሉውን የጠጥቶ ማሽከርከር ክስ የሚያወርዱ አሉ። እንኳን ቀይ መብራት ብቻ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ንገሪው። ቲኬቱ ላይ ወይም የሚላክለት ደብዳቤ ላይ ትራፊክ ስኩል ግባ የሚል ምርጫ ሊኖር ይችላል። ትራፊክ ስኩል ነጥብ እንዳይታይበት የሚገባበት ኮርስ ነው፣ ካሊፎርኒያ ላይ በ18 ወር አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው። እሱ የሚደበቅ ነጥብ ሳይኖረው ገንዘብ ከፍሎ ቢማር ያችን አንዷን ዕድል በሳይክል አባከናት ማለት ነው፣ ነገ በመኪና ቢያዝ ባዶ እጁን ነው። ለሳይክል ነጂ የተለየ የደህንነት ትምህርት ያላቸው ከተሞች አሉ፣ ቅጣቱን የሚያቀልለት እንደሱ ካገኘ ይግባ፣ የመኪናውን ግን አይንካ።

አሁን ስትደውዪ ተኝቶ ይሆናል። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሞክሪው፣ እሱ ጋ ጠዋት ነው፣ ሳይክሉን አውጥቶ ሳይሄድ ታገኚዋለሽ።